ድምፅ የሌለው ማሽን

ጎረቤቴ ሙናዊር ምን አለሽ ተራ ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ይሠራል። ብረቱ ከአሮጌ መኪና፣ ዲናሞው ከፈረሰ ወፍጮ ቢመጣም በብየዳው ማንም አያማውም። የሚታማው በኩሽኔታው ነው። መጋዙን የተሸከመው ዘንግ የሚሽከረከረው በኩሽኔታ ነውና እሱ ካለቀ ሌላው ቢያምር ዋጋ የለውም።

ገዢ ደግሞ ማሽን የሚመርጠው በጆሮው ነው። አስነስቶ ያዳምጣል፤ ካልጮኸ ይስማማል። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ የተራው ሰዎች ያለቀ ኩሽኔታ ሲያጋጥማቸው ግሪስ በሰጋቱራ ለውሰው ይጠቀጥቁበታል። የሚንኳኳው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ግሪሱ ግሎ እስኪቀልጥ ብቻ። ከዚያ ኩሽኔታው ይሰባበራል፣ ዘንጉ ይዘላል፣ መጋዙም ፊቱ የቆመውን ይቆርጣል።

ባለፈው ሳምንት ሙናዊር እንዲህ ያለውን ማሽን ከቡታጅራ ለመጣ ደላላ ሸጠ። ሠራተኛው ዱባለ «ኧረ አዲስ እናስገባለት፣ ሰው ነው የሚቆምበት» ቢለው፣ «ለማታውቀው ሰው ደግሞ ምን አንጀትህን በላው?» ብሎ ሳቀበት። እኔ ጎኑ ሚስማር ስለምሸጥ ሰምቻለሁ። በጣም ነበር ያናደደኝ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ታናሽ ወንድሙ ባህረዲን ከቡታጅራ ደወለ። ሙናዊር እንደ ልማዱ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ አነሳው።

«ወንድም ጋሼ፣ እንጨት ቤት ከፈትኩ! ማሽኑንም ካንተው ነው የገዛሁት።»

«ከእኔ? መቼ?»

«ደላላ ልኬ ነዋ! እኔ ብመጣ በነጻ ውሰድ ትለኛለህ፣ ይሉኝታ ያዘኝ። በአላህ እንዳትቆጣኝ። አሁን መብራት እስኪመጣ እየጠበቅን ነው።»

ሙናዊር ከወንበሩ ተነሳ። «ባህሩ፣ ስማኝ፣ ማሽኑን እንዳታስ...»

መስመሩ ተቋረጠ።

ደጋግሞ ደወለ፤ አይገባም። እኔም በስልኬ ሞከርኩ፣ ዱባለም ሞከረ። ሙናዊር ጣራ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ «ያ ረቢ፣ መብራቱን አታምጣው» እያለ ለመነ። እንዲያ ያናደደኝ ሰው አንጀቴን በላው። እኔም ከልቤ አብሬው ለመንኩ።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ስልኩ ጠራ። ዱባለ ወደ መንገዱ ሮጦ «መዶሻ አቁሙ! በፈጠራችሁ አቁሙ!» ብሎ ጮኸ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ተራው እንዲህ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«ወንድም ጋሼ!» አለ ባህረዲን፤ ድምፁ ደስታ ብቻ ነበር። «ጠዋት ስልኩ እንደተቋረጠ መብራት መጣ፣ ይኸው እስካሁን እየሰነጠቅን ነው። እጅህ ይባረክ! ምንም ድምፅ የለውም እኮ። እስቲ ስማው።»

«አጥፋው! ባህሩ፣ አጥፋው!»

ባህረዲን ግን ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ወደ ማሽኑ አስጠግቶት ነበር። ሙናዊር የሚጮኸው ለማሽኑ ነው። ከወዲያ በኩል መጋዙ እንጨቱን ቀስ እያለ ሲበላ ይሰማል፤ እውነትም ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ መንኳኳት ጀመረ።