የአክተሩ ጓደኛ

በ1976 ክረምት ሊገባ ሲል ናዝሬት ሲኒማ ቤት አንድ ፊልም ገብቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልወጣ አለ። አክተሩ ካባ ለብሶ የሚበር፣ ጥይት ደረቱ ላይ እንደ ተቆላ ሽንብራ እየተንጣጣ የሚረግፍለት ሰውዬ ነው። ለእሱ ብሎ የሚገባ ግን አልነበረም። ከተማው የወደደው ሌላ ሰው ነው፤ አንድ ጥርሱ የወለቀ፣ ሱሪውን በገመድ የታጠቀ ፍራፍሬ ተሸካሚ። ከመላው ፊልም አሥር ደቂቃ እንኳ አይታይም። ሕንፃው ሲቃጠል፣ አክተሩ ልጅቷን አቅፎ እንዲበር፣ የብረቱን በር በትከሻው ደግፎ የሚቆመው እሱ ነው። ከመቆሙ በፊት እጁን አውጥቶ በሰው አገር ቋንቋ አንድ ነገር ይጮሃል። ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ የናዝሬት ጆሮ ግን «አለሁ!» ሲል ሰማው። ከዚያ ጣራው ይወርድበታል። እሱ ከሞተ በኋላ ግማሹ ተመልካች ተነስቶ ይወጣል።

ስሙም በዚያው «አለሁ» ሆነ። ጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸውን በእሱ ጠሩ።

እማማ አሰለፈች ፊልሙን ያዩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም የልጅ ልጃቸው መርጋ ጎትቶ ወስዷቸው። ጣራው ሲወርድ፣ የዚያ ምስኪን አጥንት ሲንኮታኮት፣ የፊት ረድፍ ጎረምሶች በፉጨት ቤቱን ሊያፈርሱት ደረሱ። አጠገባቸው የነበረች ሴትዮ ለውዝ እያላመጠች እንባዋን ትጠርጋለች፤ ለውዙንም አላቆመች፣ እንባውንም አላቆመች። እማማ አሰለፈች ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«አክተሩ የት ሄዶ ነው እሱ ሲሞት?» አሉ ሲወጡ።

«ልጅቷን ሊያድን ነዋ፣ አኮ!» መርጋ አያቱን በአባቱ ወገን ቋንቋ አኮ ብሎ ነው የሚጠራቸው።

«ተመልሶ አያወጣውም? ይበር የለም እንዴ?»

«የአክተሩ ጓደኛ እኮ ነው። አክተር አይሞትም፤ ጓደኛው ይሞታል። ሕጉ ነው።»

«ቱ! እንዲህ ያለ ሕግ አመድ ይብላ።»

መርጋ ሃያ ዓመቱ ነው። አባቱ ገመቹ በ69 ከሚሊሺያው ጋር ወደ ኦጋዴን ሄዶ ቀርቷል፤ እናቱ፣ የእማማ አሰለፈች አንድ ልጅ፣ በዓመቱ ተከተለችው። የቀረው እሱ ብቻ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ጎሚስታ ቤት ጎማ ይለጥፋል፤ እማማ አሰለፈች ደግሞ ጎማው ሲነፋ ፊቱ ላይ እንዳይፈነዳ ሲሰጉ ይውላሉ። የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ ሲመጣ ሳምንት ሙሉ እህል ሳይቀምሱ ሰነበቱ። ኋላ ቀበሌው የአያቱ ብቸኛ ጧሪ ነው ብሎ ከዝርዝሩ ሲተወው ነው ትንፋሽ የዘሩት።

ይኸው ልጅ ጥርሱን በከሰል አጥቁሮ፣ ሱሪውን በሲባጎ አስሮ፣ ኳስ ሜዳ ላይ «አለሁ»ን ሲያመጣው ከተማው ጉድ አለ። ጎማ ሳይተነፍስባቸው ጎሚስታ ቤት የሚቆሙ ሹፌሮች በዙ። «እስቲ ሙትልን!» ይሉታል። ይሞትላቸዋል። እማማ አሰለፈች ይህን ሲሰሙ ይዘገንናቸዋል። «ስትሞት ማየት የሚወድ ሰው ወዳጅ ነው?» ይሉታል። እሱ ይስቃል።

እሁድ ጠዋት ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የቀረ ሰው ቅጣት ስላለው አዳራሹ ግጥም ብሏል። ሊቀመንበሩ ጓድ አብተው መነጽራቸውን ወልውለው ስለ እናት አገር ጥሪ ተናገሩ፤ ጸሐፊው የዘማቾቹን ስም ማንበብ ጀመረ። የተጠራ ሁሉ እየተነሳ «አለሁ» ይላል። ቃሉ በተሰማ ቁጥር ከኋላ በኩል ሳቅ ያፍናሉ።

«ሰንበታ ቶላ!»

የተነሳ የለም።

«ሰንበታ ቶላ!»

የሰንበታ እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ልጇ ሌሊቱን ጠፍቷል።

ጓድ አብተው ጠረጴዛውን በእርሳስ መቱት። «ሰንበታ የለም? እሺ! በሰንበታ ፈንታ ለእናት አገሩ ማን አለ?»

ለወጉ ያህል የተናገሩት ነው፤ መልስ የጠበቀም የለም። መርጋን ግን ከግራና ከቀኝ በክርን ጎሸሙት። «አንተን እኮ ነው!» «በል እንጂ!» ልጁ ከአእምሮው ልማዱ ቀደመው። ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ከንፈሩን በጥርሱ ላይ ጥሎ፣ እጁን አውጥቶ፦

«አለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጓድ አብተው እስኪያነቡ ሳቁ። የሰንበታ እናት እንኳ ከነጠላዋ ሥር ትከሻዋ ሲነቀነቅ እማማ አሰለፈች አዩ፤ በለቅሶ እንዳልሆነም አወቁ። ከዚያ ጓድ አብተው እንባቸውን ጠርገው ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ጻፈው» አሉ።

ሳቁ ወዲያው አልቆመም። ለእማማ አሰለፈች ከሁሉ የከፋው ይኸ ነው፤ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ እየሄደ ሰው ይስቅ ነበር።

በማግስቱ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገቡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጁ ቀልዶ ነው። የፊልም ነገር ነው።»

«አውቃለሁ እማማ። እኔም ሁለቴ አይቸዋለሁ» አሉ ጓድ አብተው በፍቅር። «ግን ቃለ ጉባኤ ቀልድ አያውቅም። ሕዝብ ፊት ወዶ የተነሳ ልጅ ነው። አራት መቶ ሰው ምስክር አለው።»

«አራት መቶው ሰው ይስቅ አልነበር?»

«የተወደደ ልጅ ስለሆነ ነዋ! ሌላው ወጣት እሱን አይቶ ይነሳሳል። ሐሙስ ሽኝቱ ላይ መኪናው ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ቢያደርግልን ብለን አስበናል።» ፈገግ አሉ። «ጣራው የሚወድቀውንም ጭምር።»

እማማ አሰለፈች አፋቸውን ምራቅ ሞላው። ወለሉ ላይ እንዳይተፉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ።

ረቡዕ ማለዳ የነጋዴው የሳሊህ ኤንትሬ የጭነት መኪና ባዶ ጆንያ ጭኖ ወደ ሻሸመኔ ድንች ሊያመጣ ይሄድ ነበር። እማማ አሰለፈች እዚያ መሰለች የምትባል እህት አለቻቸው፤ ቤቷ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። መርጋን ወስደው እዚያ ሊሸሽጉት ሳሊህን ለመኑት።

«እማማ፣ ሌላ ልጅ ቢሆን በደስታ» አለ ሳሊህ ራሱን እያከከ። «ይኸን ግን ማን የማያውቀው አለ? ውሻው እንኳ ያውቀዋል።»

«ከጆንያው ሥር ይተኛል። ሳሊህ ልጄ፣ እግርህ ላይ ልውደቅ?»

«ኧረ በአላህ! ይውጣ፣ ይውጣ።»

መርጋ ከኋላ ከጆንያው ሥር፣ እማማ አሰለፈች ከፊት ከሳሊህ ጎን ሆነው ሄዱ። ሞጆን በሰላም አለፉ። መቂን አልፈው ኬላ ላይ ግን አንድ ሚሊሺያ ጆንያውን በጠመንጃው አፈሙዝ ወጋ ወጋ አደረገው። ጆንያው «ኡ!» አለ።

«ተነስ! ውረድ! የይለፍ ወረቀት!»

መርጋ በጆንያ ብናኝ ነጭ ሆኖ ወረደ። ወረቀት የለውም። እማማ አሰለፈች የጋቢናውን በር ከፈቱ። ሚሊሺያው የልጁን ፊት አየ፤ ደግሞ አየ። ጥርሱ ሁሉ ብቅ አለ።

«አንተ! አለሁ አይደለህም እንዴ? የናዝሬቱ? ጓዶች ኑ! ሁንዴ፣ ና! አለሁ መጥቶልናል!»

አራት ሆነው ከበቡት። ወረቀቱን የጠየቀ የለም። «ሙት!» አሉት። የመኪናው የኋላ መዝጊያ በር ሆነ፤ መርጋ በትከሻው ደግፎ እጁን አወጣ፣ ጮኸ፣ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ተንከተከቱ። «ድገም!» ደገመ። በሦስተኛው ሁንዴ የሚሉት የወታደር ካፖርቱን አንገቱ ላይ አስሮ አክተሩን ሆነ፤ እጆቹን ዘርግቶ እየሮጠ መጥቶ በወደቀው ልጅ ላይ ዘሎ አለፈ። የቦት ጫማው ተረከዝ የመርጋን ጆሮ ለጥቂት ሳተው።

ያን ጊዜ እማማ አሰለፈች ከጋቢናው ደረጃ ላይ ቆመው አጨበጨቡ። «አበጀህ! እልል! እሰይ አንበሳዬ!» አሉ፣ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው እንዲለቋቸው። ሳቁም።

«አሮጊቷ ደግሞ!» አለ ሁንዴ ካፖርቱን እየፈታ። «ሂዱ በሉ። ሲመለስ እዚሁ ያልፋል፤ አትደብቁብን።»

መርጋ ከጋቢናው ገብቶ በመሃላቸው ተቀመጠ። ጉንጩ ተልጧል። ሳሊህ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳ በኋላ ነው «አልሐምዱሊላህ» ያለው።

«አኮ፣» አለ ልጁ ላቡን እየጠረገ፣ ዓይኑ እያበራ፣ «ሦስተኛው አልበለጠም? አየሽ እንዴት እንደሳቁ?»

እማማ አሰለፈች መዳፋቸውን አዩ። በማጨብጨብ ቀልቷል። ቀሚሳቸው ላይ ደጋግመው ጠረጉት፤ የነኩት ነገር የሚለቅ አይመስልም። ልጁን ለማቀፍ እጃቸው አልታዘዝ አለ።

«ስማኝ» አሉት። «እዚያ ስንደርስ ማንንም እንዳታስቅ። ሰላም በልና ጥግህን ይዘህ ቁጭ በል። ጎረቤት ስምህን ከጠየቀ አጉረምርም። አንድም ሰው እንዳይወድህ።»

«እቴቴ መሰለችም?»

«እሷም።»