አምስተኛው ካርድ

ማርሊን ኖቫክ አራተኛውን የክሬዲት ካርድ በመቀስ ለሁለት ቆርጣ ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ጣለቻቸው። አምስተኛውን ግን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ሚስ ማርሊን፣ እሱም ይቆረጣል» አለ ቴረንስ።

«አንተ ልጅ፣ አውቶቡሴ ላይ ያስመለሰህ ቀን ወለሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አታጣድፈኝ!»

«የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ እኮ!»

«ሽታው ግን እስከ ፋሲካ አልለቀቀም።»

ማርሊን ቶሌዶ ከተማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። ቴረንስ ያኔ ከጀርባዋ የሚቀመጥ ቀዥቃዣ ልጅ ነበር፤ ዛሬ ከረባት አስሮ ስለ ዕዳዋ ይመክራታል።

ምክሩስ መልካም ነበር። አምስቱንም አበዳሪዎች ለምኖ ሃያ ሰባት በመቶ የነበረውን ወለድ ወደ ስምንት አስወርዶላታል። ካርዶቹ ተዘግተው በየወሩ አራት መቶ ሃምሳ ዶላር ለእሱ ቢሮ ከከፈለች፣ ቢሮው ለአበዳሪዎቹ ያከፋፍላል፤ ሃያ አንድ ሺሁ ዶላር አምስት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ካልሆነ ቤቷን መሸጧ ነው። ችግሩ፣ ወጪዋ ሁሉ ተቀንሶ ከጡረታዋ የሚተርፋት ሦስት መቶ አርባ ብቻ ነው።

«በየወሩ ከዚህ ካርድ የሚወጣው መቶ አሥራ ስምንት ዶላር የምንድን ነው?» አላት።

«የዕቃ ማስቀመጫ ኪራይ። የሬይ ዕቃ ነው።»

«ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት መቼ ነው?»

ማርሊን ወደ መስኮቱ ዞረች። ባሏ ሬይ የሞተ ሰሞን ይጫወትበት የነበረውን የሙዚቃ መሣሪያ፣ አኮርዲዮኑን፣ እቤት ውስጥ ማየት አልቻለችም። ወንድሟ ከሸሚዞቹና ከዓሣ ማጥመጃዎቹ ጋር ጭኖ ከተማው ዳር ያለ የኪራይ መጋዘን ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ ወዲህ በሩን ከፍታው አታውቅም።

እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! በጾሙ ወራት ዓርብ ዓርብ፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በሥጋ ፈንታ የተጠበሰ ዓሣ ሲበላ፣ ሬይ ከሚሠራበት የመስታወት ፋብሪካ በቀጥታ መጥቶ ፖልካ የሚባለውን የጭፈራ ዜማ በአኮርዲዮኑ ይጫወታል። እሷም ሳህን መሰብሰቧን ትታ ከአሮጊቶቹ ጋር ትጨፍራለች። ዜማውን ሲሳሳት ሰው ሳያየው እሷን ብቻ ይጠቅሳታል። አሁን አዳራሹም ተሸጧል። ያ ጥቅሻ ክፉኛ ናፈቃት።

«ሄጄ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሆነው» አለች።

ቴረንስ አስልቶ ወረቀቱን በእጁ ሸፈነው።

«ንገረኝ እንጂ!»

«ኪራዩ ብቻ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ገደማ። ወለዱን ሳንቆጥር።»

«ሬይ ይህን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ ይጮህብኝ ነበር። ለቡና ሁለት ዶላር ሲያወጣ እንኳ ያመዋል» ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

«ሁሉንም ይጣሉት አላልኩም፣ ሚስ ማርሊን። ግን ዕቃው ቤት እያለው ለምን ኪራይ ይከፈልለታል? ኪራዩ ቢቀር የጎደለው ክፍያ ይሞላል።»

በማርሊን ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ወንበሮች አሉ፤ አንደኛው ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አልተቀመጠም። መቀሱን አነሳች። ካርዱ ጠንካራ ስለነበር ሁለት ጊዜ መጫን ነበረባት።

«የአባትህ ያቺ የጭነት መኪና አሁንም አለች?»

«አለች።»

«እንግዲያው ቅዳሜ አብራችሁ ኑልኝ። ሸሚዙንም ማጥመጃውንም የፈለገ ይውሰደው። አኮርዲዮኑን ግን ወጥ ቤት ታስገባልኛለህ፤ የሬይ ወንበር ላይ።»