የዳኛው አፍ ልክ

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ሳሎን ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ልብስ ሰፊው፣ ሚስቱ፣ የሚስቱ እናት እና ሆቴል ውስጥ ምግብ የሚያበስለው የሚስቱ ታናሽ ወንድም። አምስተኛው ዳኛው ነበር። ዳኛው ሰው አይደለም፤ ክንድ የሚያክል፣ ጥቁር፣ ጎኑ ላይ እንደ ፍም የቀላ ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ ነው። ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ ሰውን ሁሉ ተራ በተራ ትክ ብሎ ያያል። ዐይኑን ያየ ሰው ደግሞ ያጠፋው ነገር ትዝ ሳይለው አይቀርም። ዳኛው የተባለው ለዚህ ነው።

የሚስቱ ወንድም ባዶ እጁን አልመጣም። ከሆቴሉ ያመጣውን ሰፊ መጥበሻ ምድጃው ላይ ጥዶ፣ ዘይት አፍስሶበት፣ ሽርጡን እንደታጠቀ ሳሎኑ በር ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ በሎሚ ላድርግልህ በነጭ ሽንኩርት?»

ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ጫፉን በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል።

አኳሪየሙ፣ ዓሦቹ የሚኖሩበት የመስታወት ሣጥን፣ የአማቱ ነው። እማማ ልጃቸው ቤት ሲገቡ ከአልጋቸው በፊት ያስገቡት እሱን ነበር፤ የሳሎኑን ግድግዳ እኩሌታ ይይዛል። በውስጡ ላሉት ትንንሽ ዓሦች ሁሉ ስም አውጥተውላቸዋል። ሆዳሙ ኮሎኔል ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጣሉ የሚውሉት ሁለቱ «ጎረቤቶቹ» ይባላሉ። ቀይዋ፣ ረጅም ጅራቷን እንደ ቬሎ የምትጎትተዋ፣ ሙሽሪት ናት።

ዳኛውን ያመጣው ግን ልብስ ሰፊው ነው። ሲመጣ አውራ ጣት አያክልም ነበር። ሻጩ «ከዚህ በላይ አያድግም፣ ሙት!» ብሎ ምሎለታል። ዳኛው የሻጩን መሐላ አልሰማ ኖሮ አደገ። እማማ ቢያጉረመርሙም ልብስ ሰፊው ሊሸጠው አልቻለም። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከሥራ ክፍሉ ወጥቶ ሳሎን ሲገባ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ዳኛው ግን የስፌት መኪናው ድምፅ ሲቆም ከተኛበት ተነሥቶ ወደ በሩ በኩል ይመጣና ጭራውን እየወዘወዘ ይጠብቀዋል።

«ውሻ ነው እንዴ ያሳደግከው?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ውሻማ ይጮሃል» ይላታል።

አንድ ጠዋት ከጎረቤቶቹ አንዱ የውሃ ሽታ ሆነ። ሁለተኛውም ብዙ አልቆየም፤ ጠብ የለመደ ሰው ብቻውን መኖር አይሆንለትም እንደሚባለው ተከተለው። እማማ ሣጥኑን በባትሪ አበሩበት፤ ከድንጋዩ ሥር ፈለጉ፤ በመጨረሻ ዐይናቸውን ዳኛው ላይ ተከሉ። ልብስ ሰፊው ደነገጠና የሚያውቀውን አደረገ። ሜትሩን መስታወቱ ላይ ዘርግቶ መጀመሪያ የዳኛውን አፍ፣ ከዚያ የኮሎኔሉን ወገብ ለካ።

«አይስጉ፣ እማማ። ኮሎኔሉ ከአፉ ይሰፋል። ለክቻለሁ።»

በማግሥቱ ኮሎኔሉ አልነበረም። ዳኛው ሆዱ ተነፍቶ አሸዋው ላይ ተጋድሟል።

«ለክቻለሁ ይለኛል!» አሉ እማማ፣ በቁጣ መነጽራቸው እየተንሸራተተ። «ጅብን ከፍየል ጋር አሳድሮ ለክቻለሁ! ሰዉ ቀሚሱ የሚጠበው ወዶ አይደለም ለካ!»

ያን ዕለት ሣጥኑ መሃል ላይ መስታወት ገባ። ዳኛው በአንድ ወገን፣ እነሙሽሪት በሌላ ወገን ሆኑ። እማማ ግን አልተዋጠላቸውም። «ልጆቼ በገዛ ቤታቸው ተከራይ ሆኑ» እያሉ ቆይተው ፈረዱ። ወይ መስታወቱ ተነሥቶ ሁሉም አብረው ይኖራሉ፤ ወይ ደግሞ ዳኛው መጥበሻ ይገባል። ልብስ ሰፊው ጊዜ ለመነ። ልብስ ሰፊ ቀጠሮ ሲለምን አዲስ ነገር አይደለምና ሰጡት።

ብልሃቱን ያገኘው ሥራ ላይ ነው። አንድ ቦርጫም ደንበኛ ባለ ላስቲክ ሱሪውን ሊያሰፋ አምጥቶ፣ ፎጣ አገልድሞ ቆሞ ይጠብቃል። ልብስ ሰፊው ሱሪውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ወገቡን ለካ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተኝቶማ ጠባብ ነው!» አለው ደንበኛው። «ላስቲኩን ስበህ ለካ እንጂ!»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የዳኛውን አፍ የለካው ተዘግቶ ሳለ ነው። ላስቲኩን ሳይስብ!

ደንበኛውን ከነፎጣው ትቶ ወደ ሳሎን ሮጠ። ቀጭን የሥጋ ቁራጭ በክር አስሮ ከመስታወቱ አጠገብ ወደ ውሃው አወረደው። ዳኛው መጣ። አፉን ሲከፍት አፍ አይደለም፣ ማዳበሪያ ነው፤ መንጋጋው ወደ ፊት ተስቦ ወጣ። ልብስ ሰፊው ጨርቅ በሚያሠምርበት የሳሙና ስባሪ መስታወቱ ላይ ከላይም ከታችም ምልክት አደረገ። እንዳይሳሳት ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ ዳኛው በበኩሉ ቅር አላለውም።

ከዚያ የልብስ ቅርጽ ከሚቆርጥበት ካርቶን ላይ በዚያው ልክ ቀዳዳ አወጣ። ሕጉ አጭር ነው፤ በቀዳዳው የሚያልፍ ምግብ ነው፣ የማያልፍ ጎረቤት ነው። እነሙሽሪት ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው እማማ እጅ ላይ እየበሉ ደነደኑ። እሱም በየጊዜው ካርቶኑን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ አንዱ ዓሣ በፊቱ ሲዋኝ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ይለካ ነበር። ሁሉም ከቀዳዳው በለጡ። መጨረሻ ላይ ሙሽሪትም በለጠች፤ በጣት ውፍረት ብቻ፤ ለስፌት መግቢያ የሚተወውን ያህል።

እንግዲህ መስታወቱ የሚነሣበት ቀን ዛሬ፣ እሑድ ነው።

«ሙሽሪትን በባልዲ እናቆያት» አሉ እማማ። «ሌሎቹ ይሞከሩ። እሷ ትቅርብኝ።»

«አይሆንም፣ እማማ» አለ ልብስ ሰፊው።

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። ባሏ ለእናቷ «አይሆንም» ሲል ሰምታ አታውቅም።

«ዛሬ ባወጣት ነገም በባልዲ ልትኖር ነው። ትግባ። ለክቻታለሁ።»

«አጥግበኸው ይሆናላ!» አለ የሚስቱ ወንድም።

«ከትናንት ጀምሮ አልበላም።»

«ወይኔ!» አለች ሚስቱና አፏን በእጇ ያዘች።

ልብስ ሰፊው እጅጌውን ሰብስቦ መሃል ያለውን መስታወት ቀስ አድርጎ ሳበው። ውሃው ተናወጠ፣ ረጋ። ሌሎቹ ዓሦች ወደ ጥግ ሸሹ። ሙሽሪት ግን፣ ሙሽራ ምን ታውቃለች፣ ቬሎዋን እየጎተተች በቀጥታ ወደ ዳኛው ሄደች።

ዳኛው አያት። ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ዘለለና ጭንቅላቷን ጎረሰ።

እማማ ጮኹ። የሚስቱ ወንድም ከሣጥኑ አጠገብ የተሰቀለውን የዓሣ መረብ ለቀም አድርጎ ተንደረደረ።

«ቆይ!» አለ ልብስ ሰፊው። ክንዱን ዘርግቶ ደረቱ ላይ ያዘው። ክንዱ አልተነቃነቀም።

ዳኛው ታገለ። መንጋጋው እስከ መጨረሻው ተለጠጠ፤ ሙሽሪት ወገቧ ላይ ቆመች፣ አልገባ አለች። በዚያ ረጅም ጅራቷ ግራና ቀኝ ፊቱን አጮለችው። ዳኛው እንደ ትኩስ ድንች ተፋት። ሁለት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሸሸ፤ ልብስ ሰፊውን እያየ አፉን ከፈት ዘጋ አደረገ። ሙሽሪት አንድ ቅርፊት ጎድሏት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ አሸዋውን ትለቅም ጀመር። ጥግ የተሸጎጡት አንድ በአንድ ወጡ። አንዱ በዳኛው ሆድ ሥር ሹልክ ብሎ አለፈ፤ ዳኛው ዘወር ብሎም አላየው።

ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ ነው የሳቀው። ጮክ ብሎ፣ ከሆዱ። ከኪሱ የሥጋ ቁራጭ አውጥቶ ለዳኛው በእጁ አጎረሰው።

እማማ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ወደ መስታወቱ ተጠግተው ዓሦቹን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ እንደ ሕፃን አጨበጨቡ።

«አንድም አልጎደለ! ያችን ካርቶን አምጣት እስቲ፣ ልጄ። እንዳትጥላት! ሌላ ዓሣ ከመጣ መጀመሪያ በእሷ ነው የሚለካው።»

ካርቶኗን ከራሳቸው ፎቶግራፍ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰኳት።

«ዘይቱ ጋለኮ» አለ የሚስቱ ወንድም፣ መረቡን እንደያዘ። «እኔስ ምን ልሁን?»

«ድንች ላጥ» አለችው እህቱ።

ድንቹ ተጠብሶ ተበላ። ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊው ከሣጥኑ ያወጣውን መስታወት አጥቦ የሥራ ክፍሉ የተሰበረ መስኮት ላይ ገጠመው።