የድንቅቱ ልጆች ቁጥር

የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ጉርሙ ማስመሪያውን በመዝገቡ ላይ አንድ ረድፍ ወደ ታች ገፋ። በረዶ፦ መትቶታል። በሬ፦ የለውም። ልጅ፦ ሦስት። ገበሬው ከዝርዝሩ ወደቀ። አሁንም ገፋ። ከጠዋት ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ወገቡ ዝሏል፣ ገና አርባ ምናምን ስም ይቀረዋል።

ከአምቦ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነው። የዘር ስንዴ የሚሰጠው ባለፈው ጥቅምት በረዶ አዝመራውን ለመታበት፣ በሬ ለሌለውና ከአራት በላይ ልጆች ላሉት ገበሬ ነው። ሦስቱም ባንድ ሰው ላይ መገኘት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ቀረ። በሬ የሌለው ሰው ዘሩን በምን አርሶ እንደሚዘራው ግን ትእዛዙ ምንም አይልም።

ማስመሪያው ድንቅቱ ኤጄታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ባሏ አምና የሞተባት ሴት ናት። በረዶ፦ መትቶታል። በሬ፦ የላትም። ልጅ፦ ሁለት።

"ኧረ ሁለት!" አለ ጉርሙ ብቻውን። እሁድ እሁድ ልጆቿ ጸሎት ቤት አንድ አግዳሚ ሞልተው ሲቀመጡ ያያቸዋል። ድንቅቱ ከማኅበሩ ቢሮ ደጃፍ ከማለዳ ጀምሮ ተቀምጣ ነበርና ጠራት።

"አዴ ድንቅቱ፣ እዚህ ሁለት ልጅ ይላል። ማን ነው እንዲህ ያስጻፈው?"

"እኔ ነኛ።"

"ለምን? በሉ ትክክለኛውን ይንገሩኝና ላስተካክለው።"

"አልናገርም፣ ኦቦ ጉርሙ። ልጅ አይቆጠርም፤ ሁለት ያልኩትም እውነተኛው እንዳይታወቅ ነው። የሕዝብ ቆጠራ ብለው የመጡ ጊዜ ቁጥራቸውን በአፌ ተናገርኩ። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱን ቀበርኩ።"

"የገደላቸው ኩፍኝ ነው።"

"ኩፍኙ ቤቴን በምን አወቀው?"

ጉርሙ ይህ ባዶ ፍርሃት ነው ብሎ ጸሎት ቤት ስንቱን መክሯል፤ እሷ ፊት ግን ያን ምክር ትቶ ብዕሩን አነሳ።

"ስማቸውን ልጥራልዎት፤ ስም መጥራት አይከፋም" አለች። "ጂራ፣ ሲንቄ፣ ፈየራ፣ አመዩ፣ ወሰኑ፣ ትንሿ ጉዴ።"

በጠባቡ ሳጥን ውስጥ ስሞቹን አጣብቆ ጻፈ። ወዲያው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ገቢሳ ገባ። ዝርዝሩን አምቦ የሚያደርሰው እሱ ነው።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ስም?" አለ መዝገቡን አይቶ። "አምቦ ያሉት ቁጥር ነው የሚያዩት። ቁጥር ከተለወጠ ደግሞ የተናገረው ሰው ከጎኑ በጣቱ ይፈርማል። ውሸት ከተገኘ የሚታሰረው እሱ ነው።"

"ስድስት መሆናቸውን አንተም ታውቃለህ እኮ።"

"አውቃለሁ። ግን ራሷ ትናገር፣ ራሷ ትፈርም። እምቢ ካለች እለፋት። እኔ መኪና ውስጥ ነኝ።"

ጉርሙ የቀለሙን ስፖንጅ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። ድንቅቱ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። እንባዋ መጣ።

"ዘሩ ይቅርብኝ" አለች።

"ዘሩ ቀርቶ ከርሞ ምን ሊበሉ ነው?"

"ዋቃ ያውቃል።"

የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ። ጉርሙ ተናደደ፤ በእሷም፣ በወረቀቱም፣ በራሱም። ቤቱ ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ከሰባት ዓመት ጸሎት በኋላ የተገኘች። ልጅ ከተቆጠረ ይሞታል የሚለውን ነገር አያምንም፤ ማንም ቢጠይቀው አላምንም ይላል። ታዲያ እጁ ለምን ከበደው?

ስሞቹን ሰረዛቸውና ከላይ "ስድስት" ብሎ ጻፈ። የተናገረው ሰው ስም በሚለው ቦታ የራሱን ስም ሞላ፤ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጎ ከጎኑ አሳረፈ።

"ልጆችዎን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ አዴ ድንቅቱ" አላት። "ከእርስዎ አፍ ምንም አልወጣም።"