ጮክ ብለሽ አንብቢ

ፖስታ ቤቱ የግማሽ ቀን ተተኪ ፖስተኛ አድርጎ የቀጠራት ዕለት ልጅቷ እልል ማለት ነበር የቀራት። ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ወዲህ ያልረገጠችው ደጅ አልነበረም። ያስቀጠራት ደግሞ አባቷ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ሲያድል የኖረው፣ ለራሱ እንኳ ማንንም ደጅ የማይጠናው አባቷ፣ "እባክህ ልጄን አንዴ ሞክራት" ብሎ አለቃውን ለመነላት። ይኼ ነገር አንጀቷን በልቶታል። "ለእኔ ብሎ አንገቱን ደፋ" ስትል ለእናቷ እያወራች አልቅሳለች።

የተተኪ ነገር አጭር ነው፤ ባለቦታው ከቀረ ትገባለህ፣ ካልቀረ ቤትህ ትውላለህ። መጀመሪያ ግን የሙከራ ሳምንት አለ፤ በዚያ ሳምንት ደብዳቤ ያለ ቦታው የከተተ በመጣበት እግሩ ይመለሳል። አለቃው ለመነሻ ያህል ከአባቷ ጎን አቆማት።

በረጅሙ አዳራሽ እያንዳንዱ ፖስተኛ የራሱ መደርደሪያ አለው፤ ለየሕንፃውና ለየግቢው አንዳንድ ጠባብ ሳጥን። ጠዋት የመጣውን ፖስታ አድራሻውን እያየ በየሳጥኑ ይከታል፣ ከዚያ በቅደም ተከተል አስሮ፣ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል። አባቷ ግን የራሱ አሠራር ነበረው። እሽጉን እጇ ላይ አኖረና፣ "ጮክ ብለሽ አንብቢ። አድራሻ በአፍ ካልተባለ ጭንቅላት ውስጥ አይቀመጥም" አላት።

አነበበች። እሱም ከእጇ እየተቀበለ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ሳጥኑ ውስጥ ይሰደዋል።

"ወይ አባዬ! አንዴ እንኳ ሳታይ?"

"እጄ ያውቀዋል" ይላል፤ ይስቃል። እሷም ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ታነባለች፤ እንዲህ ያለ አባት ስላላት ትኮራለች።

ሳምንቱ ሲጋመስ አለቃው፣ "ዛሬ ደግሞ ከጥድፊያ ጋር ሁኚ" አላት። ጥድፊያ የሚሉት፣ ሲራመድም ሲያወራም ከኋላው የሚያሳድዱት የሚመስለውን ፖስተኛ ነው። ልጅቷ እሽጉን አንስታ እንደለመደችው ጉሮሮዋን ጠረገች። "ከድልድዩ ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ለጥርስ ሐኪሙ!"

ጥድፊያ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። "ምን ሆነሻል? ለማን ነው የምታነቢው?"

"ለአንተ ነዋ! አሠራሩ እንዲህ አይደል?"

"የምን አሠራር? ዓይን አለኝ እኮ!" ብሎ ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም ሳቁ።

እሷ ግን አልሳቀችም። አባቷ ከኩባያው ውጪ የሚቀዳው ሻይ ትዝ አላት፤ ቤተሰቡ በሙሉ "አረጀህ" እያለ ሲስቅበት ነበር። የመድኃኒቱን ወረቀት "ማንበብ ሰለቸኝ" እያለ ለእሷ የሚሰጠውም ትዝ አላት። ያ ልመናስ? ለእሷ ብሎ ነው ወይስ ለራሱ? ተናደደች፣ አዘነች፣ አፈረችም።

ወደ አዳራሹ ጫፍ አየች። የሌሎቹ እሽግ እያለቀ ነው፤ የአባቷ ገና መፈታቱ ነው። አንዲት ፖስታ በአውራ ጣቱ ይዳብሳታል፣ አፍንጫው ድረስ ያስጠጋታል፣ መልሶ ያርቃታል። በመጨረሻ በደፈናው አንዱ ሳጥን ውስጥ ከተታት። አለቃው ከቢሮው ወጥቶ ወደዚያው እየሄደ ነበር።

ሮጠች። እሽጉን ከእጁ ተቀበለችው። "አባዬ፣ አታይም እንዴ?"

"ድምፅሽን ቀንሺ። መንገዱን እግሬ ያውቀዋል፤ ፊደሉ ነው የጠፋብኝ። በማጉያ መስታወት እየተደበቅሁ ሳነብ ነበር፤ አሁን እሱም እምቢ አለኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬሽስ? ሁለታችንም ቤት ልንቀመጥ?"

አለቃው ደረሰ። "አንቺ፣ ከጥድፊያ ጋር ሁኚ አላልኩሽም? ባለቦታው እያለ ተተኪ እዚህ ምን ትሠራለች?"

ልጅቷ አፏን ከፈተች። እውነቱን ብትናገር አባቷን ልታስባርር ነው፤ ብትዋሽ የሰው ደብዳቤ ሜዳ ሊቀር ነው።

አባቷ ቆቡን አወለቀ። "አለቃዬ፣ እኔ ዛሬ ቀርቻለሁ" አለ።

"እንዴ! ይኸው ቆመው የለም እንዴ?" ብሎ አለቃው ሊስቅ ሲል ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ሽማግሌው የሚያናግረው እሱን አልነበረም፤ አጠገቡ ያለውን ምሰሶ ነበር።

"ቀርቻለሁ አልኩህ" አለ አባቷ፣ አሁንም ለምሰሶው። "ተተኪዬን አስገባት።"

ሰዉ ሁሉ ሥራውን አቆመ፤ ጥድፊያ እንኳ እጁን ሰበሰበ። አለቃው ምሰሶውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። "ግቢ" አላት፤ ድምፁ በጭንቅ ነው የተሰማው።

ልጅቷ መደርደሪያው ፊት ቆመች። ያን ያህል የጓጓችለት የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ይኸው ነበር። አባቷ በደፈናው የከተታትን ፖስታ ከሳጥኑ አወጣች። ዝም ብላ አይታ ቦታዋ ልትከታት ትችል ነበር። እሷ ግን ጮክ ብላ አነበበች፦ "ዳቦ ቤቱ ጎን፣ ሰማያዊው በር።"

ከኋላዋ የአባቷ ድምፅ፣ "ከላይ፣ በስተቀኝ ጥግ" አላት። እዚያ ከተተቻት።