በግድግዳው በኩል ያለው ጎን

ሽንኩርት እየላጡ ነበር የሰሙት። «ጭርርር» አለ፣ ከዚያ ዝም። አማትየው ቢላዋውን አስቀመጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት በእንጨት ሥራ ቤት ቁምሳጥንና ጠረጴዛ በእጃቸው ሲወለውሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዕቃ ሲጫር ከድምፁ ያውቁታል፣ ምን እንደጫረውም ጭምር። «ብረት ነው» አሉ ለሽንኩርቱ፤ እንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ወጡ።

ጥቁሯ መኪና ግቢው መሀል ቆማለች። ምራታቸው ሞተሩን አጥፍታ፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ፊት ለፊቷን ታያለች። በግራ በኩል፣ የኋለኛው በር ላይ፣ አንድ ክንድ የሚሆን አረንጓዴ መስመር ተጋድሟል። የግቢው በርም አረንጓዴ ነው።

«ውረጂ እንጂ።»

«እማዬ፣ አለቀልኝ።»

«ገና ሦስት ሰዓት ነው። ባልሽ የሚመጣው አሥር ሰዓት ተኩል ነው። ውረጂ።»

ምራቲቱ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ባሏ ያን ዕለት ሁለተኛውን ቁልፍ ሰጥቷታል፤ ከነሕጉ። «ይቺን መኪና የጫረ ሰው ቁልፍ አይዝም። ኋላ እንዳንቀያየም» ነበር ያለው። ልጃቸው ደግ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይመሰክርለታል፤ የመኪናው ነገር ሲነሳ ግን ደግነቱ እግሬ አውጪኝ ይላል።

ቁልፉ ደግሞ የምራቲቱ ብቻ ጉዳይ አልነበረም። የአማትየው ታላቅ እህት የሚኖሩት ከተማው ማዶ ጫፍ ላይ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ፣ ከዚያ ዳገት። የአማትየው ጉልበት ዳገቱን እምቢ ካለ ስድስት ወሩ። ልጃቸው «በሚቀጥለው እሁድ እወስድሻለሁ» ማለት የማይሰለቸው ሰው ሲሆን፣ ያ የሚቀጥለው እሁድ ግን እስካሁን አልመጣም። ምራቲቱ «ማክሰኞ እኔ እወስድዎታለሁ» ካለቻቸው ወዲህ አማትየው ቀን ይቆጥራሉ። ለእህታቸውም በስልክ ነግረዋቸዋል። አሁን ቁልፉ ከሄደ ማክሰኞም አብሮ መሄዱ ነው።

ምራቲቱ ወጥ ቤት ሮጣ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦና የሳሙና ውሃ ይዛ ብቅ አለች።

«ወዴት ነው?» አሉ አማትየው መንገድ ዘግተው።

«ልፈግፍገው ነዋ።»

«በዚህ ከነካሽው ባልሽ ቁልፉን ብቻ አይደለም፣ እኛንም አብሮ ነው የሚያወጣን። አስቀምጪው። ከሱ አሮጌ ካናቴራዎች ውስጥ ልስልሱን አምጪልኝ።»

በመጀመሪያ በሩን በሳሙና አጥበው አደረቁ። ከዚያ አማትየው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው መስመሩን ዳበሱት። በሥራ ቤቱ ስማቸው «እማማ ጣት» ነበር፤ አለቃው ሳይቀር ጠረጴዛ ከመውጣቱ በፊት ጠርቶ ያስዳስሳቸው ነበር። ጥፍራቸውን በመስመሩ ላይ አሻግረው ሳብ አደረጉ። ተንሸራተተ። ዝቅ ብለው እንደገና ሳቡ። አሁንም ተንሸራተተ፣ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ቀጭ አለ።

«ጥፍር ካልያዘው ይወጣል። አብዛኛው ጭረት አይደለም፣ የበሩ ቀለም ነው የተላከከው። እኔ ምን እንደማይገባኝ ታውቂያለሽ? በሩ እኮ ሰፊ ነው። እንዴት ጠበበሽ?»

«ቀኙን እያየሁ ነዋ። ከግድግዳው በአንድ ስንዝር አቁሚያት ይለኛል፣ ፀሐይ ቀለም ይበላል ብሎ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያው ነው። ቀኙን ሳይ ግራውን ረሳሁት።»

ልጃቸው የገዛው ፖሊሽና ሰም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ላስቲካቸው እንኳ ሳይቀደድ ተቀምጠዋል። አማትየው ካናቴራውን በጣታቸው ላይ ጠቅልለው፣ ከፖሊሹ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብ አድርገው፣ ትንንሽ ክብ እየሠሩ ያሹ ጀመር። አልቸኮሉም። ሲጫኑ ትከሻቸው አይነሳም፤ ከእጅ አንጓ ነው። አረንጓዴው ቀስ እያለ ወደ ካናቴራው ተሻገረ። ጠረጉት፣ ጨለፍ አድርገው ጨመሩ፣ አሹ፣ ጠረጉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀረው የፀጉር ያህል ነው፤ እሱም ለሚያውቅ ሰው።

ምራቲቱ እጃቸውን ልትስም ስትል ፊቷ ተለወጠ።

«እማዬ፣ ይሄኛው ቦታ ግን...»

አዩት። ያሹት ቦታ እንደ ሌሊት ውሃ ጠቁሮ ያበራል። ዙሪያው ግን የሦስት ዓመት አቧራና መናኛ እጥበት የጋረደው፣ ዳለቻ ነገር ሆኗል። ጭረቱ ጠፋ፤ የጠፋበት ቦታ ግን «እዚህ ጋ ነበር» ብሎ ይጮሃል። አማትየው በገዛ ሙያቸው ተሳቀቁ። አዲስ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ስንቱን ጀማሪ ለዚህ ተቆጥተዋል።

«በሩን እንጨርሰው» አሉ።

በሩ ሲያልቅ የፊተኛው በር አሮጊት መሰለ። የፊተኛው ሲያልቅ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ አሳፈረ። ኮፈኑን ጨርሰው ቀና ሲሉ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ የተላጠው ሽንኩርት ወጥ ቤት ውስጥ ደርቋል፣ ምሳ ትዝ ያለው የለም። ምራቲቱ እስከ ክርኗ ነጭ ሆናለች። በመጀመሪያ እንደ ድስት ነበር የምትፈትገው፤ አሁን ግን እጇ ገብቶታል፣ እንዲያውም ማንጎራጎር ጀምራለች። አማትየው በሆዳቸው ደስ አላቸው። ሰው ሲሠራ አጠገቡ መቆም ናፍቋቸው ኖሯል፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ «አንድ ነገር ጎደለኝ» ሲሉት የነበረው ነገር ስሙ ይሄ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ቀኙ ጎን ዞሩ፤ ሁልጊዜ ከግድግዳው ተጣብቆ ወደሚቆመው። ምራቲቱ ጨርቋን በፊተኛው በር ላይ ሁለት ጊዜ አዞረችና ቆመች። ጨርቁ ድቅድቅ ጥቁር ሆኗል።

«እማዬ፣ ቀለሙ ለቀቀ። ገደልኳት።»

አማትየው ጨርቁን ተቀብለው አሸተቱት። ይሄን ሽታ የማያውቅ የለም። «ይሄ የመኪና ቀለም አይደለም፣ የጫማ ነው» አሉ። ጠረግ ሲያደርጉት ከሥሩ ብቅ ያለው ጭረት የሰው እጅ ይረዝማል፤ ጥፍር መያዝ ብቻ ሳይሆን ጥፍር ሊሰብር የሚችል።

ተያዩ። ሁለቱም ያንን የሁለት ሳምንት «ፀሐይ ቀለም ይበላል» አስታወሱ። ምራቲቱ ቀድማ ሳቀች፤ ኮፈኑን ልትደገፍ ስትል አማትየው እጇን ያዟት፣ አሁን የተወለወለ ነውና። ልጃቸው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሕግ ሲያወጣ፣ ያ በግድግዳው በኩል ያለው ጎን በጫማ ቀለም ተለቅልቆ ነበር።

«ምን እናድርገው?»

«ዙሪያውን አሳምሪና ሰም ቀቢው። አንደብቀውም፣ አናወጣውም። ንጹሕ ሆኖ ይታይ።»

ሰሙን ስስ አድርገው ቀብተው፣ ደርቆ አመድማ ሲሆን በጣታቸው ፈትነው፣ በንጹሕ ካናቴራ ሲያነሱት አሥር ሰዓት ሆነ። በመኪናዋ ገላ ላይ፣ እንደ መስታወት፣ የሰማዩ ደመና ይሄዳል።

ልጃቸው የግቢውን በር ከፍቶ ገባና ባለበት ቀረ። «ማነው እንዲህ ያደረጋት?» እያለ በግራው ጎን አለፈ፤ ምንም አላየም። ስፖኪዮው ላይ ጥርሱን አየ፣ ኮፈኑን ዞረ፣ ፈገግታው ግማሽ መንገድ አብሮት ሄደ። ቀኙ ጎን ሲደርስ ፈገግታው ብቻውን ተመለሰ።

«እማዬ» አለ ጭረቱ ላይ አጎንብሶ።

«ወዬ።»

«ይሄ ነገር...»

«የጫማ ቀለሙ ካናቴራህ ላይ ነው ያለው፣ ከፈለግከው።»

ጆሮው ቀላ። «የመሥሪያ ቤቱ ምሰሶ ነው። ወደኋላ ስል።»

«ምሰሶው ነው የመጣብህ?»

ሕጉ የሱ ነው፣ ቃሉም የሱ። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ኮፈኑ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል እናቱ «እሱ ላይ አይደለም» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉለት። መዳፋቸው ላይ አኖረው። አማትየው ማክሰኞን ከነእህታቸው ዓይናቸው ላይ አዩት። ሁሉም ነገር እዚያው ላይ ቢያበቃ ደስ ባላቸው።

ምራቲቱ ግን ሆዷ አልቻለም። አማቷ በዓይናቸው «ዝም በይ» ቢሏትም፣ ባሏን በእጁ ይዛ ወደ ግራው በር ወሰደችው። «እዚህ ጋ። ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ።»

አጎንብሶ አየ፣ ተጠግቶ አየ፣ ወደኋላ ሸሽቶ አየ። «የት?»

ጣቱን ይዛ አስቀመጠችለት። «በጥፍርህ ሳብ አድርገው።» ቀጭ አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ መጀመሪያ እየፈሩ፣ ኋላ ሳይፈሩ። እሷም ቁልፏን አውጥታ አማቷ መዳፍ ላይ ጨመረች።

«ሰባት ሰዓት ሙሉ የለፋሁበትን በአንድ አፍ ታፈርሺዋለሽ?» አሉ አማትየው። ቁጣቸው ግን አላስፈራም፤ ልጅቱ ባትናገር ኖሮ ማክሰኞ አጠገቧ ሲቀመጡ ትንሽ ይቆረቁራቸው ነበር፣ ያውቁታል።

«እማዬ፣ አንቺ መንዳት አትችይ፣ ሁለት ቁልፍ ምን ያደርግልሻል?» አለ ልጃቸው።

«እይዘዋለሁ። ያልጫርኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

እሁድ ሁለቱም አስፈቅደው ነዱ። ማክሰኞ ጠዋት አማትየው ቁልፉን ለምራታቸው ሰጥተው፣ አዲሱን ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው። ዳገቱን ሲወጡ ጉልበታቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት፣ አየህ በሚል ዓይነት። እህታቸው የግቢያቸውን በር በሰፊው ከፍተው፣ አንድ እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

በሩ በሰፊው ቢከፈትም ጠባብ ነበር። ምራቲቱ ደፉ ላይ ስትደርስ ፍሬን ያዘች። ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ መሪው ላይ ያሉት ጣቶቿ ነጡ።

«እማዬ፣ እዚሁ ውጭ ባቆማትስ?»

አማትየው ቦርሳቸውን ከፈት አድርገው አሳዩዋት። ካናቴራው ከላይ ተጣጥፏል፣ ፖሊሹ ከሥሩ።

«ግቢ፣ ልጄ» አሉ። «ቢጫርም እዚሁ አለሁ።»