ቆብና ቀበቶ

ባሌ ደምሰው መኪና ሲነዳ ፈርቶ አያውቅም። የሚፈራው ስብሰባ ነበር። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባለ ርስት ሹፌር ስለነበረ ጂንካ ውስጥ ነገር በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ጌታው ሲሸሽ ቀይዋን ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ትቷት ሄደ። እሷም ተወርሳ ከአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ጀርባ ሸራ ለብሳ ቆመች። ጣሪያ የላትም። ዶሮዎች ያድሩባት ነበር።

አስረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ ካድሬያችን ጓድ ውባየሁ ሐሳብ መጣለት። ጓድ ውባየሁ ከላይ የተላከልን ሰው ነው፤ ሐሳብ አያልቅበትም። መኪናዋ ከሸራዋ ወጥታ በአውሮፕላን ሜዳው ሣር ላይ ከመንግሥት ላንድሮቨር ጋር ትወዳደራለች፤ የባላባት መጫወቻ የነበረችው ለሰፊው ሕዝብ ስትሮጥ የሩቅ እንግዶች መጥተው ያያሉ። ማን ይነዳታል? ደምሰው ነዋ።

የእኛ አውሮፕላን ሜዳ ከተማው መሃል ነው፤ አውሮፕላን በሌለ ቀን ከብት ይግጥበታል። በሁለቱ ጫፎች ድንጋይ የተሞሉ በርሜሎች ይቆማሉ፣ መኪናዎቹ እነሱን እየዞሩ ይመላለሳሉ ተባለ። ደምሰው በወጣትነቱ አሥመራ፣ ለውድድር የሚነዱ ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል፤ በእንዲህ ያለ ዙር ሰው ምን እንደሚሆን አይቷል። ግን አልነዳም ማለት አልቻለም። አልነዳም ቢል ለድሮ ጌታው አዝኖ ነው እንደሚሉት እሱም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ ካስኮና ቺንቱራ ካልመጣልኝ ሞተር አላስነሣም አለ።

እነዚህ ከጣሊያኖቹ የቀሩ የጋራዥ ቃላት ናቸው፤ የውድድር ነጂ የሚደፋው ጠንካራ የራስ ቁርና ከወንበሩ ጋር የሚታሰርበት ጠፍር። የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛው ነጋሽ መልእክቱን ወደ ላይ ሊያስተላልፍ ተቀምጦ ካስኮ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ራስ ላይ የሚደረግ ነው አለው ደምሰው። ቺንቱራስ? ወገብ ላይ የሚታሰር። ነጋሽ መልካም ሰው ነው፣ ንጹሕ አማርኛም ይወዳል። ቆብና ቀበቶ በአስቸኳይ ይላክልን ብሎ አስተላለፈ።

ተላከ። አንድ ጆንያ ሙሉ የሚሊሺያ ቆብ፣ ከፊቱ ቀይ ኮከብ ያለበት፣ ከነቀበቶው። ደምሰው አንዱን ቆብ አንስቶ በጣቶቹ መሃል ጨመቀው፤ ጨርቅ ነው፣ እጥፍጥፍ አለ። እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ጓድ ውባየሁ ዘንድ ሄዶ ሊያስረዳ ሞከረ። ጠየቅክ፣ መጣልህ ተባለ። በአስቸኳይ የተላከ የሕዝብ ንብረት የሚያጣጥል ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ ተብሎም ተጠየቀ። ደምሰው ያውቃል። አሻጥረኛ ነው የሚባለው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሌላ አማራጭ ሲጠፋ እኛው ቤታችን ውስጥ መሥራት ጀመርን። የበዓሉ ኮሚቴ የመረጠለት የሚያብለጨልጭ ቀይ የናይለን ቱታ ነበር። ከእጅጌው ጫፍ ቆርጬ ክብሪት ጫርኩበት፤ ቀልጦ ጣቴ ላይ ተጣበቀ፣ ጠባሳው ዛሬም አለ። ቤንዚን ላይ ተቀምጦ ለሚነዳ ሰው ይህን አላለብስም አልኩና አቡጀዲ በቀይ ቀለም ነክሬ ያንኑ የመሰለ ሰፋሁለት። ለእግሩ ቦት ጫማ ተመርጦለት ነበር። ፍሬኑን እግሬ ካላወቀው ምን ይጠቅመኛል ብሎ ስስ ሸራ ጫማ መረጠ። ከዚያ ሁሉ ጆንያ የጠቀመን ቀበቶው ነው፤ ቆዳው ጥሩ ነበር። እየደራረብን በሰም በተለወሰ ክር ሰፋነውና ደምሰው መኪናዋ ወለል ላይ በብሎን አሰረው። ተቀምጦበት ሁለት ጎረምሳ ቢጎትተው ንቅንቅ አላለም። ጭንቅላቱ ቀረ።

እኔን የጨነቀኝም ራሱ ነው። የብረት ቆብ ተውሰን ሞከርነው፤ ዓይኑ ላይ እየወረደ መንገድ ይጋርደዋል። ድስት ሳይቀር ለክቼለታለሁ። ያን ሰሞን ሰው ሲያወራኝ ፊቱን ትቼ የራሱን ቅርጽ ነበር የማየው።

በዚህ መሃል ሶርሳ ከሚስቱ ጋር ለገበያ መጣ። ሶርሳ የካኮ ሰው ነው፣ ከባና ብሔረሰብ፤ ደምሰው በጭነት መኪና ሲያልፍ ማሩን ያደርስለታል፣ እንደ ወንድም ናቸው። የሆነውን ሲሰማ የሚስቱን ቅል ከራሷ አንስቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። የባና ሴቶች ግማሽ ቅል እንደ ባርኔጣ ይደፋሉ፤ ፀሐይ ይከላከሉበታል፣ ሲጠማቸው ይጠጡበታል። ይሄኛው አሮጌ፣ ወፍራም፣ ቅቤ የጠገበ ነበር። ደምሰው ደፋውና ራሱን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨ። ደገመው። ዞሮ ሲያየን ፈገግ ብሏል።

"ቅል ይሰበር፣ ግድ የለም" አለ ሶርሳ። "ካኮ ሌላ ቅል አለ።"

ውስጡን ጥጥና የፍየል ቆዳ አለበስኩት፣ አገጭ ሥር የሚታሰር ጠፍር ሰፋሁለት፣ ውጭውን ቀይ ቀባነው። ያድነው ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም። እሱ ግን ካስኮዬ አለው። ያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና እንቅልፍ ተኛ፤ እኔም አጠገቡ ተኛሁ።

የበዓሉ ሌሊት ዘንቦ ሣሩ ረጠበ። ሕዝቡ ከገዘር ሳይቀር መጥቷል፣ እንግዶቹ ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ደምሰው መኪናዋ ውስጥ ገባ፣ ቀበቶውን አጠበቀ፣ ቅሉን ደፋ። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ገርሞት ነው። ጓድ ውባየሁ ግን ፊቱ ጠቁሮ ከዳሱ ወጥቶ መጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ካስኮ ነው፣ ጓድ።"

"የሴት ቅል ነው። የተላከልህ ቆብ የት አለ?"

"ቆቡ ጨርቅ ነው፣ ጓድ። ሣሩ ደግሞ ርጥብ ነው።"

"በአስረኛው ዓመት ለእንግዳ ቅል አናሳይም።"

ጠፍሩን በገዛ እጁ ፈታው። አጠገቡ ከቆመ ሚሊሺያ ራስ ላይ ቆቡን አንስቶ ለደምሰው ደፋለት፤ ኮከቡ ግንባሩ መሃል እንዲውልም አስተካከለው። ቅሉን ወደ እኔ ወረወረው። ደምሰው ዞሮ አየኝ። ከመኪናዋ ቢወርድ የት እንደሚያድር ሁለታችንም እናውቃለን። ሞተሩን አስነሣ።

እኔ ቅሉን ታቅፌ ቆምኩ።

ጥሩ ነዳ፤ ይህን ልናገርለት። ላንድሮቨሩን ገና በመጀመሪያው ዙር ጥሎት ሄደ፣ ሕዝቡ እልል አለ። ሁለተኛውን ዙር ሲታጠፍ ርጥቡ ሣር ከዳው፤ መኪናዋ በጎኗ ተንሸራትታ በርሜሉን መታችው። በርሜሉ ተገልብጦባት የፊት መስታወቷን ብረት ወደ ውስጥ ገፋው። ሮጬ ስደርስ ቀበቶው አጥብቆ እንደያዘው ነው። ልብሱ አልተቀደደም። ከአንገቱ በታች አንድ ጭረት የለበትም፤ እኔ የሠራሁት ሁሉ ሠርቷል። ቆቡ ፈንጠር ብሎ ሣሩ ላይ ወድቋል፣ ጭቃ እንኳን አልነካውም። ሚሊሺያው አነሣው፣ አራገፈው፣ መልሶ ደፋው።

ደምሰው አልሞተም። ከሆስፒታል ሲመለስ ይራመዳል፣ ይበላል፣ ልብሱን ይለብሳል። እኔን ግን እትዬ ይለኛል። ያገባኝ ሰው፣ ቤት ስገባ ብድግ እያለ፣ እንደ ባዕድ ሴት እያከበረ፣ እትዬ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

የበዓሉ ግምገማ ሲጠራ ቅሉን ደፍቼ ሄድኩና ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሁሉም አየኝ። ጓድ ውባየሁ ስለ ሰልፉና ስለ መፈክሩ ብዙ ተናግሮ መጨረሻ ላይ አደጋውን አነሣ።

"በእኛ በኩል የጎደለ ነገር የለም" አለ። "ሹፌሩ በጠየቀው መሠረት ቆብና ቀበቶ ተሟልቶለት ነበር።"

ተጨበጨበ። ነጋሽም አጨበጨበ፤ እንባው እየወረደ አጨበጨበ። እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢው ጊዜ የለንም ብሎ ስብሰባውን ዘጋው።

ጓድ ውባየሁ ዕድገት አግኝቶ ተዛወረ። መኪናዋ እንደተጣመመች ወደ ሸራዋ ተመለሰች፣ ዶሮዎቹም ተመለሱባት። እኔ ደምሰውን እያየሁ እንድሠራ መስፊያዬን ወደ አውሮፕላን ሜዳው ዳር አዛወርኩ። ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አውሮፕላን ሲመጣ ግን ድምፁን ሰምቶ ይነሣል፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ያደርጋል።

"እትዬ፣ ካስኮዬን" ይለኛል።

ስሜን ረስቶ ይህቺ ቃል ቀረችለት። ቅሉን ከግድግዳው አውርጄ እደፋለታለሁ፣ ጠፍሩን አገጩ ሥር አስርለታለሁ። አውሮፕላኑ አርፎ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ሰው እያየው ያልፋል። አሁን አውልቅ የሚለው የለም።